የማይነሣ ታብሌትን ከኮምፒውተር ማዘመን

በጤና ኬላዎች የቤተሰብ መረጃ ለረጅም ጊዜ የተያዘው በወረቀት ማኅደር ነበር። ዛሬ አማራ ክልልን ጨምሮ በብዙ አካባቢዎች የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች ይህንኑ በኤሌክትሮኒክ የማኅበረሰብ ጤና መረጃ ሥርዓት አማካይነት በአንድሮይድ ታብሌት ይመዘግባሉ። መተግበሪያው ኔትወርክ በሌለበትም ይሠራል፤ የተመዘገበው ወደ ማዕከል የሚላከው ግን ኔትወርክ ሲገኝ ነው። ስለዚህ እንደ ደሃናና ጋዝጊብላ ባሉ የዋግ ኽምራ ደጋማ ወረዳዎች፣ ከሰቆጣ ርቆ በሚገኝ ጤና ኬላ ያለ ታብሌት አልነሣ ሲል፣ ያልተላከው መዝገብ ያለው እዚያው መሣሪያ ውስጥ ብቻ ሊሆን ይችላል። በ2007 ዓ.ም. ይፋ የሆነው የሰቆጣ ቃል ኪዳን የሕፃናትን መቀንጨር እስከ 2022 ዓ.ም. ለማስቀረት ያለመ ነው። የሕፃናት ዕድገት ክትትል በየወሩ በሚመዘገብ ክብደት ላይ ይመሠረታል፤ ያለፈ ወር ክብደት ደግሞ ተመልሶ አይመዘንም።

በመሆኑም ጥገናው መጀመር ያለበት መረጃን ከማያጠፋው መንገድ ነው። በጥገና ቤቶች «ፍላሽ ማድረግ» በሚል አንድ ስም የሚጠሩት ሥራዎች ሁለት ናቸው፦ ሥርዓተ ክወናውን ብቻ በላዩ ላይ መልሶ መጫን፣ እና የውስጥ ማከማቻውን ጭምር ጠርጎ መጫን። ሁለተኛው ለጠጋኙ ይፈጥናል፤ ለባለ መዝገቡ ግን ኪሳራ ነው። ማከማቻውን ነቅሎ በሌላ መሣሪያ ማንበብም አያዋጣም፤ የአሁኖቹ አንድሮይድ መሣሪያዎች መረጃን በምስጢር ቁልፍ ቆልፈው ስለሚያስቀምጡ ይዘቱ ከዚያው መሣሪያ ውጭ አይነበብም።

ኮምፒውተር ከመፈለጉ በፊት ታብሌቱ ቢያንስ ለአንድ ሰዓት ቻርጅ ይደረግ፤ ባትሪው ያበጠ ከሆነ ግን ፈጽሞ አይሰካ። በብዙ መሣሪያዎች የማብሪያና የድምፅ መቀነሻ ቁልፎች አንድ ላይ ከ10 ሰከንድ በላይ ሲጫኑ መሣሪያው በግድ ዳግም ይነሣል። በአምራቹ አርማ ላይ ቆሞ የሚቀር ወይም እየጠፋ ደጋግሞ የሚነሣ ታብሌት ብዙውን ጊዜ ከኮምፒውተር ሊታደስ ይችላል።

ለዚህም መሣሪያው ጠፍቶ እያለ የማብሪያና የድምፅ ቁልፎችን በመያዝ የ«ሪከቨሪ» ገጽ ይከፈታል፤ የትኛው የድምፅ ቁልፍ እንደሆነ በየሞዴሉ ይለያያል። ከዝርዝሩ «አፕላይ አፕዴት ፍሮም ኤዲቢ» ይመረጣል። «ዋይፕ ዳታ» የሚለው መጥረጊያም በዚያው ዝርዝር ውስጥ ስለሚገኝ ጣት እንዳይስት። ከዚያ ታብሌቱ በዩኤስቢ ገመድ የአንድሮይድ «ፕላትፎርም ቱልስ» ከተጫነበት ላፕቶፕ ጋር ይገናኛል። ቻርጅ ብቻ የሚያደርጉ ገመዶች ስላሉ ላፕቶፑ መሣሪያውን አላይ ካለ መጀመሪያ የሚቀየረው ገመዱ ነው። ቀጥሎ «ኤዲቢ ሳይድሎድ» የሚለው ትእዛዝ ከማዘመኛው ፋይል ስም ጋር ይጻፋል። ፋይሉ ለዚያው ሞዴል በአምራቹ የተዘጋጀ፣ ታብሌቱ ላይ ካለው ያላነሰ ስሪት መሆን አለበት። በላፕቶፑ ላይ የሚታየው ቁጥር 100 ሳይደርስ ቢያቆምም የታብሌቱ ገጽ ሥራው ማብቃቱን እስኪያሳይ ገመዱ አይነቀል።

ሁሉም አምራቾች እንዲህ ያለ ፋይል አያቀርቡም። የሳምሰንግ መሣሪያዎች «ኦዲን» በተባለ ፕሮግራም ሲጫኑ «ሲኤስሲ» የሚል ስም ያለው ፋይል ማከማቻውን ይጠርጋል፤ «ሆም ሲኤስሲ» የሚለው ግን መረጃውን ይተዋል። በአይፓድና በአይፎን ኮምፒውተሩ ከሚያቀርባቸው ምርጫዎች መረጃውን የሚያቆየው «አፕዴት» ነው፤ «ሪስቶር» ያጠፋዋል። በእነዚህ ማውረዱ ከ15 ደቂቃ ካለፈ መሣሪያው ከሪከቨሪ ገጹ ይወጣል፤ ፋይሉ ወርዶ እስኪያበቃ ጠብቆ እንደገና ማስገባት ነው።

ለታብሌት የሚሆን ሙሉ ፋይል ብዙ ጊዜ ከ1 ጊጋባይት ስለሚበልጥ የተሻለ ኔትወርክ ባለበት ከተማ አስቀድሞ አውርዶ መያዝ ይበጃል። በመጫን መሐል ኃይል ቢቋረጥ ጉዳቱ ስለሚብስ የላፕቶፑም የታብሌቱም ባትሪ ከግማሽ በላይ ይሙላ። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 የጤና መረጃን ልዩ ጥንቃቄ ከሚሹት መካከል ስለሚመድብ፣ የመክፈቻ ቁጥርን ለግል ጥገና ቤት አሳልፎ መስጠት ተገቢ አይደለም።

ታብሌቱ እንደተነሣ፣ ሌላ ምንም ሳይነካ፣ ኔትወርክ ወዳለበት ተወስዶ ያልተላከው መዝገብ ይላክ። ሙከራው ሁሉ ሳይሳካ ቀርቶ ማከማቻውን መጥረግ ግድ ከሆነ፣ ቀድሞ የተላከው ከማዕከል ሊመለስ ይችላል፤ ከመጨረሻው መላኪያ ቀን ወዲህ ያለው ግን እናቶች እጅ ካሉት የክትባት ካርዶችና ከቤት ለቤት ጉብኝት እንደገና መሰብሰብ ይኖርበታል።