ኮላ ድባ የተነገረ፣ በእንግሊዝኛ የተጻፈ

ወዳጆቼ፣ ሰሞኑን የማስተርስ መመረቂያ ጽሑፍ የያዙ የጤና ልጆች እየደወሉ «ዳታው አለን፣ እንግሊዝኛው ግን አላስኬደን አለ» ይሉኛል። ነገሩ የቆየ ስለሆነ ትንሽ ታሪኩን ላውጋችሁ።

በ1945 ዓ.ም. አካባቢ ደንቢያን ወባ ፈጀው። ኮላ ድባና ዙሪያው፣ ያ ሁሉ የጣና ዳር ሜዳ፣ በሺዎች የሚቆጠር ሰው አጣ። ጎንደር ላይ የሕዝብ ጤና ኮሌጅ እንዲከፈት ከገፋፉት ምክንያቶች አንዱ ይኸው እልቂት ነው። ኮሌጁ በ1947 ሥራ ሲጀምር ጤና መኮንን፣ የኅብረተሰብ ነርስና ሳኒታሪያን በቡድን ያሠለጥን ነበር። ለመስክ ልምምድ ከሚወርዱባቸው ቀዳሚ ቦታዎች አንዱ የኮላ ድባ ጤና ጣቢያ ነው።

ትምህርቱ በእንግሊዝኛ፣ ታማሚው በአማርኛ፣ ያውም በደንቢያ አማርኛ! ቀን ደጃፍ ላይ የተሰማው ነገር ወረቀት ላይ ሲወርድ ቋንቋ ይቀይራል። ከዚያ ወዲህ ይህ አልተለወጠም።

ከጥቂት ዓመታት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1958፣ ወባ አገሪቱን እንደገና መታት። ግምቱ 3 ሚሊዮን ታማሚና 150,000 ሟች ነው። ይህን ቁጥር ዓለም ዛሬም የሚጠቅሰው በ1961 በአንድ የአሜሪካ የትሮፒካል ሕክምና መጽሔት ስለታተመ ነው። የጻፉት የውጭ ባለሙያዎች ናቸው። ሟቹ የእኛ፣ ጸሐፊው የሰው አገር ሰው። «እንግሊዝኛው ምን ያደርጋል?» ለምትሉ መልሴ ይህ ነው።

በ1970ዎቹ ደግሞ ከላይፕዚግ ካርል ማርክስ ዩኒቨርሲቲ የመጡ መምህራን ጎንደር አስተማሩ። አስቡት፤ ጀርመንኛ ተናጋሪው መምህር፣ አማርኛ ተናጋሪው ተማሪ፣ መሐል ላይ የሁለቱም ያልሆነ እንግሊዝኛ።

ዛሬ ሌላ ንብርብር ተጨምሯል። ከ1986ቱ የትምህርት ፖሊሲ ወዲህ ልጁ አንደኛ ደረጃን በአፍ መፍቻ ቋንቋው ይማራል። ሶማሊኛ ወይም ወላይትኛ አፉን የፈታ ተማሪ ጎንደር መጥቶ በአማርኛ ይጠይቃል፣ በእንግሊዝኛ ይጽፋል። አንዲት ደንቢያ ያለች እናት «ምች መታኝ» ብትለው ምን ብሎ ይመዝግብ? ፀሐይ ላይ ውላ ትኩሳትና ራስ ምታት ይዟት፣ ከንፈሯ ቆስሎ፣ ዳማከሴ የሚጨመቅላት ሴት ናት። «የሳንባ ምች» ግን ኒሞኒያ ነው። በአንዲት ቃል ሠንጠረዡ ይበላሻል፤ ያን ሰዋስው አራሚ አያገኘውም።

ሁሉም ጽሑፍ ውስጥ «መጠይቁ ወደ አማርኛ ተተርጉሞ ተመልሶ ወደ እንግሊዝኛ ተተረጎመ» የምትል ዓረፍተ ነገር አለች። አንዱ ከሌላው ነው የሚገለብጣት ባይ ነኝ። እኔ ተማሪ ሲያመጣልኝ «ማን ተረጎመው? የትኛዋ ቃል አጨቃጨቀቻችሁ?» እላለሁ። አንዲትም ካላጨቃጨቀች አልተሠራም ማለት ነው። ከዚያ እንግሊዝኛውን ዘግተን ያገኘውን በሚቀናው ቋንቋ እንዲነግረኝ አደርጋለሁ። በአማርኛም ይሁን በኦሮምኛ፣ አጠገቡ የሚተረጉም ጓደኛ አይጠፋም። ጥርት አድርጎ የተናገረ ልጅ ጥርት አድርጎ ይጽፋል፤ ጊዜ ይፈጅበት እንጂ። አማካሪ የሆናችሁ የቀድሞ ተማሪዎቼ፣ ቀዩን እስክሪብቶ ከማንሳታችሁ በፊት ይቺን ሞክሯት።

ደንቢያ ወርዳችሁ የሠራችሁ ደግሞ ለመተርጎም ያስቸገረቻችሁን ቃል እስኪ ከታች ጻፉልኝ። የእኔ «የወፍ በሽታ» ናት። ቃል በቃል ከተረጎማችኋት ጉበቱን የታመመውን ሰው ዶሮ እርባታ ትልኩታላችሁ።