እንቆቅልሽ፣ ሌባ ሻይና የገና መጽሐፍ

በመንዝ ደጋ የገና ዕለት ቀኑ የጨዋታ፣ ማታው የወግ ነው። ቀን ጎረምሳው በሜዳው ላይ ዱላውን ይዞ ሩሩን ሲያሳድድ ይውላል፤ «በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ» እንደተባለው ሎሌው የጌታውን ቅልጥም ቢመታ የሚቀየም አይኖርም። ሲመሽ ግን ውርጩ ስለሚበረታ ቤተ ሰቡ ባናውን ደርቦ ምድጃውን ይከባል፤ ልጆችም እንቆቅልሽ ይጀምራሉ። አንዱ «እንቆቅልህ» ሲል ሌላው «ምን አውቅልህ» ይላል፤ መልሱን ያጣ እንደሆነ ጠያቂው «አገር ስጠኝ» ይለዋል። ተጠያቂውም መንዝን ወይም መርሐቤቴን፣ ወይም ግሼን አንሥቶ ይሰጠዋል። ጠያቂው የተሰጠውን አገር ተቀብሎ ከተመጻደቀበት በኋላ ምሥጢሩን ይፈታል። እንግዲህ በአገራችን የገና ማታ ምሥጢርና ስጦታ ከጥንት ጀምሮ አብረው የኖሩ ናቸው ማለት ነው።

የመጽሔታችን አዘጋጆች ለበዓል ንባብ የሚሆን የሕግ ታሪክ ነክ ጽሑፍ እንዳቀርብ በጠየቁኝ ጊዜ ትዝ ያለኝ በ1960ዎቹ መጀመሪያ ያሳለፍኩት አንድ የገና ማታ ነው። በአዲስ አበባ ይማር የነበረው ታላቅ ወንድሜ ለበዓሉ ወደ መንዝ ሲመጣ ስለ አንድ ግድያ ምርመራ የሚተርክ ቀጭን የአማርኛ መጽሐፍ በስጦታ አመጣልኝ። ያ ዘመን ይልማ ሀብተየስን የመሳሰሉ ደራስያን የወንጀል ምርመራ ልብ ወለድን ለአማርኛ አንባቢ ያስተዋወቁበት፣ ማሞ ውድነህም የስለላ ታሪኮችን ወደ አማርኛ እየመለሰ ያቀርብ የነበረበት፣ «ፖሊስና እርምጃው» የተባለው ጋዜጣ የእውነተኛ ወንጀሎችን ታሪክ ለሕዝብ ያደርስ የነበረበት ዘመን ነው። መጽሐፉን በኩራዝ ብርሃን ጮክ ብዬ ሳነብ አያቴ ጥጥ መፍተላቸውን ሳያቋርጡ ያደምጡ ነበር። ታሪኩ እየተወሳሰበ ሲሄድ ግን እንዝርታቸውን አቁመው፣

«ታዲያ ሌባ ሻዩ መቼ ነው የሚመጣው?» ሲሉ ጠየቁ።

ወንድሜ ሳቀና፣ «እምዬ፣ እዚህ ውስጥ ሌባ ሻይ የለም። መርማሪው ዱካውን አይቶ፣ የሰዎቹን ቃል አስተያይቶ ነው የሚደርስበት» አላቸው።

አያቴ ጥቂት ዝም ካሉ በኋላ፣ «እንዲህ ያለ ሰው ያን ጊዜ ቢኖር ኖሮ የአባቴ በሬዎች ባልተነዱ ነበር» አሉ። እኛ ልጆቹ ያን ታሪክ የሰማነው በዚያ ማታ ነው።

«ሌባ ሻይ» ማለት ሌባ ፈላጊ ማለት ነው። ክራፕፍና ኢዘንበርግ የተባሉት ሚሲዮናውያን በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመን በሸዋ የጻፉትና በአውሮፓ አቆጣጠር በ1843 በለንደን የታተመው የዕለት ማስታወሻ ይህን ሥርዓት ይገልጸዋል። አሠራሩ የታወቀ ነው። ንብረት የጠፋበት ሰው ለሹሙ ያመለክታል፤ የሌባ ሻዩ አለቃም ለአንድ ታዳጊ ልጅ የሚያሰክር መድኃኒት አጠጥቶና አጭሶ ወገቡን በመቀነት ይይዘዋል። ልጁ እንደ ሰከረ ከቤት ቤት ይሮጣል፤ በመጨረሻ ከገባበት ቤት ተኝቶ የተገኘ እንደሆነ የዚያ ቤት ጌታ ሌባ ነው ተብሎ ይከፍላል። አያቴ እንደነገሩን የአባታቸው ዕጣ ይኸው ነበር። ልጁ ሮጦ ከመደባቸው ላይ ወደቀ፤ ጥንድ በሬያቸው ተነዳ። የጠፋው ንብረት ከሌላ ሰው ዘንድ ተገኘ የተባለው ከሁለት ክረምት በኋላ ነው፤ እሳቸው ግን በዚህ መካከል መሬታቸውን የእኩል ሰጥተው ኖረዋል። አያቴን ያስቆጫቸው የነበረው የበሬዎቹ መነዳት ብቻ አልነበረም። አባታቸው አንድም ጥያቄ ሳይጠየቁ፣ አንድም ቃል ሳይናገሩ ሌባ መባላቸው ነበር የሚያንገበግባቸው።

ከሌባ ሻይ ሌላ አባቶቻችን አፈርሳታ ወይም አውጫጭኝ የሚሉት ሥርዓት ነበራቸው። ቤት ሲቃጠል፣ ከብት ሲሰረቅ፣ ወይም ሰው ተገድሎ ገዳዩ ሲጠፋ ያገሩ ሰው ሁሉ ከአንድ ሜዳ ይሰበሰባል፤ የቀረ ይቀጣል። የተመረጡ ሽማግሌዎች እያንዳንዱን በመሐላ ያየውንና የሰማውን ይጠይቃሉ። ወንጀለኛው የታወቀ እንደሆነ ለዳኛ ይቀርባል፤ ያልታወቀ እንደሆነ ግን ጉዳቱን ያገሩ ሰው በጋራ አዋጥቶ ይከፍላል። ይህ ሥርዓት ጉድለት አልነበረውም ለማለት አይቻልም፤ ገበሬውን ከእርሻው እያስተጓጐለ ብዙ ቀን ያውለዋል፤ ቂመኛም በመሐላ ስም ጠላቱን ሊያጠቃበት ይችላል። ሆኖም ከሌባ ሻይ የሚለይበት ታላቅ ነገር አለው። አፈርሳታ ሰውን በቃሉ ይጠይቃል፤ ካላወቀም «አላወቅሁም» ብሎ ዕዳውን በሁሉ ትከሻ ላይ ያከፋፍላል። ሌባ ሻይ ግን «አላወቅሁም» ማለትን አያውቅም፤ ልጁ ምንጊዜም ከአንድ ሰው ቤት መውደቁ አይቀርም።

በአውሮፓም ቢሆን የወንጀል ምርመራ ልብ ወለድና የገና በዓል ከጥንት ተዛምደዋል። አርተር ኮናን ዶይል ሼርሎክ ሆልምስን ለመጀመሪያ ጊዜ ለአንባቢ ያቀረበው በአውሮፓ አቆጣጠር በ1887 በወጣ አንድ የገና ዓመታዊ መጽሔት ላይ ነው። የአጋታ ክሪስቲም አሳታሚዎች በየዓመቱ ለገና አንድ የክሪስቲ መጽሐፍ እንዲገዛ ያስተዋውቁ ነበር፤ በ1938 የታተመው የኤርኩል ፖይሮ ታሪክም በገና ሰሞን የተፈጸመ ግድያን የሚተርክ ነው።

ከእነዚህ ሁሉ ለእኛ ለሕግ ሰዎች የሚቀርበው ግን በ1892 የታተመው የሰማያዊው ዕንቍ ታሪክ ይመስለኛል። ከአንዲት ባላባት ሴት የተሰረቀ ዕንቍ ለገና በታረደ ዝይ ማንቁርት ውስጥ ይገኛል። ፖሊስ አስቀድሞ ያሰረው አንድ ቧንቧ ሠሪ ነው፤ ማስረጃ ሆኖ የተቆጠረበትም በሆቴሉ ክፍል ገብቶ መሥራቱና ከዚያ በፊት በስርቆት ተቀጥቶ ማወቁ ነው። ሆልምስ ግን የዝይዋን መንገድ ከገበያ ወደ ገበያ ተከትሎ እውነተኛውን ሌባ ያገኘዋል፤ ንጹሑም ሰው ከእስር የሚወጣበት መንገድ ይከፈታል። የለንደን ፖሊስ በዚያ ታሪክ የፈጸመው ስሕተት ከሌባ ሻዩ ስሕተት እምብዛም የራቀ አይደለም፤ ሁለቱም ከሚቀርበው ቤት ገብተው ወድቀዋል።

በአገራችን የ1934 ዓ.ም. የፖሊስ አዋጅ፣ የ1949ኙ የወንጀለኛ መቅጫ ሕግና የ1954ቱ የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ ተከታትለው ሲወጡ ምርመራ በሕግ የሚመራ ሥራ ሆነ። የሥነ ሥርዓቱ ሕግ አንቀጽ 27 ተጠርጣሪው መልስ ለመስጠት እንደማይገደድ፣ አንቀጽ 31 ደግሞ ቃሉ በማባበልም ሆነ በማስፈራራት እንዳይወሰድ ይደነግጋሉ። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 20 የተከሰሰ ሰው እንደ ንጹሕ የመቆጠር መብቱን አጽንቶታል። ነገር ግን ሕግ በነጋሪት ጋዜጣ ስለታወጀ ብቻ ከሰው ልቡና ውስጥ አይገባም። መንደሩ «እገሌ ነው» ሲል፣ መርማሪው ሲቸኩል፣ ዳኛውም ሲታክት፣ መቀነት የታሰረበት ያ ልጅ ዛሬም በመካከላችን ይሮጣል።

ስለዚህ የምርመራ ልብ ወለድን ጊዜ ማሳለፊያ ነው ብለው ለሚንቁ ባልደረቦቼ የምለው አለኝ። እርግጥ ነው፣ ልብ ወለዱ ራሱም አንድ ነገር ይሸሽገናል፤ በመጨረሻው ገጽ ወንጀለኛው ሁልጊዜ ይያዛል፤ በችሎት ግን እንዲህ አይደለም። ሆኖም አንባቢው ገጹን በገለጠ ቍጥር አንድ ሰው ጠርጥሮ መሳሳቱን ይማራል። በአንድ ማታ ሦስት ጊዜ ተሳስቶ የተኛ አንባቢ በማግሥቱ ጎረቤቱን ሌባ ለማለት ጥቂት ያመነታል። ይህ ማመንታት ለአንድ አገር ፍትሕ ቀላል ስጦታ አይደለም።

ያን ማታ መጽሐፉን ሳልጨርስ ኩራዙ ጠፋ። ታናናሾቼ ወደ እንቆቅልሻቸው ተመለሱ፤ አያቴም ተጠየቁ። መልሱን አጡና «በሉ እንግዲህ፣ መንዝን ሰጠኋችሁ» አሉ። ያላወቀ ሰው አገር ሰጥቶ ይገላገላል፤ የሚጐዳም የለም። ዳኛም ማስረጃው ሳይሟላ ሲቀር «አልተረጋገጠም» ብሎ ተከሳሹን ሲያሰናብት የሚያደርገው ይህንኑ ነው። ከሙያችን ሁሉ የሚከብደው ቃል ይህ ይመስለኛል። የአያቴ አባት ሁለት በሬያቸውን ያጡት ይህን ቃል የሚናገር ሰው ስለ ጠፋ ነው።