ዜና ወይዘሮ ኤልዛቤት ቨርነር፥ ሠዓሊተ ቻርልስተን

እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1883 ዓመት፥ በዲሴምበር ወር በ21ኛው ቀን፥ በአሜሪካ ደቡብ በምትገኘው በደቡብ ካሮላይና ግዛት፥ አሽሊና ኩፐር የተባሉት ወንዞች ከባሕር በሚገናኙበት በቻርልስተን ከተማ ኤልዛቤት ኦኒል ተወለዱ። ያች ከተማ አስቀድሞ በሩዝ ንግድና በባሮች ጉልበት የበለጸገች፥ በ1861 የእርስ በርሱ ጦርነት የመጀመሪያ መድፍ የተተኰሰባት፥ ከዚያም ወዲህ ሀብቷ ረግፎ ግንቦቿን የምታድስበት ገንዘብ ያጣች ነበረች፤ እርሳቸውም ገና ሦስት ዓመት ሳይሞላቸው፥ በ1886 በኦገስት 31 ቀን ሌሊት ታላቅ የምድር መናወጥ ሆኖ ጡቡን ከጡብ አላቀቀው። ድህነቷ ግን አንድ ነገር ጠበቀላት፤ አዲስ የሚሠራ ስላልነበረ አሮጌው ሳይፈርስ ቈየ።

ለአቅመ ትምህርት በደረሱ ጊዜ ወደ ፊላደልፊያ ሄደው በፔንሲልቫኒያ የሥነ ጥበብ አካዳሚ ከመምህር ቶማስ አንሹትዝ ሥዕል ተማሩ። በ1907 አግብተው ወይዘሮ ቨርነር ተባሉ፥ የሁለት ልጆችም እናት ሆኑ። በ1923 ከአሊስ ስሚዝና ከአልፍሬድ ሃቲ ጋራ በመዳብ ላይ የሚሥሉ ሰዎችን ማኅበር በከተማይቱ አቆሙ። በ1925 ባላቸው ሞቱ።

እስከዚያ ቀን ድረስ ከቤት ሥራ በተረፈ ሰዓት ይሠሩት የነበረው ጥበብ ከዚህ በኋላ የልጆቻቸው እንጀራ ሆነ። የመዳቡን ሰሌዳ በሰም ይቀቡታል፥ ሰሙን በመርፌ እየጫሩ ይሥላሉ፤ በአሲድ በተነከረ ጊዜም አሲዱ ሰም በሸፈነው ላይ ሥልጣን ስለሌለው መርፌው የገለጠውን መስመር ብቻ እየበላ ያጐደጕዳል፤ ሰሙ ከተጠረገ፥ ጐድጓዳውም ቀለም ከተሞላ በኋላ እርጥብ ወረቀት ተደርቦበት በመጫኛው መኪና ሲያልፍ ሥዕሉ ወደ ወረቀቱ ይሻገራል። ቅኔን ከአንጥረኛ ሥራ ወስደው በሰምና በወርቅ የመሰሉ ሊቃውንት ላሉን ለእኛ ነገሩ እንግዳ አይመስለኝም። ወረቀቱ ግን ግራውን ቀኝ አድርጎ ስለሚያወጣው፥ የቅዱስ ሚካኤልን ቤተ ክርስቲያን ደወል ቤት ለመሣል ሠዓሊዋ የሚያውቁትን ጎዳና ሁሉ በልባቸው መገልበጥ ነበረባቸው።

አንዱ ሰሌዳ ብዙ ኅትመት ስለሚሰጥ፥ ባለጠጋ ያልሆነ መንገደኛም አንዱን ገዝቶ ለመሄድ ይችል ነበር። ስለዚህ በኋላ ዘመን በትራድ ጎዳና በቍጥር 38 ያለው የሥዕል ቤታቸው ሱቃቸውም ነበረ፤ በዚያ ይሥላሉ፥ በዚያም ይሸጣሉ። ይህን ነውር አድርጎ የሚቈጥር ቢኖር እኔ ከእርሱ ጋራ አልተባበርም፤ መሸጡ እጃቸውን አላሰነፈውምና፥ በ1930 እናትና ባለሙያ ሆነው ሳሉ ለንደን ተሻግረው እንደ ገና ተማሪ ሆኑ። ከዚያም በሐር ጨርቅ ላይ በደረቅ ቀለም የመሣልን የራሳቸውን ዘዴ አወጡ፤ በ1939 እና በ1941 ስለ ከተማይቱ በቃላቸውና በሥዕላቸው ያዘጋጇቸውን መጻሕፍት አሳተሙ።

የድሮ ቤቶችን ለመጠበቅ በ1920 ከተነሣው ማኅበር ጋራም ደከሙ፤ ከተማይቱም በ1931 የቀድሞውን ሰፈሯን በሕግ በመከለል ከአሜሪካ ከተሞች ሁሉ ቀደመች። ሕንጻን ብቻ አልወደዱም። በጎዳናው ማዕዘን ቅርጫታቸውን ዘርግተው አበባ የሚሸጡትን ጥቁር ሴቶች ደጋግመው ሣሉ፥ ከመንገድ ሊያስነሧቸው በታሰበ ጊዜም ተሟገቱላቸው። እርሳቸውም እነርሱም በእጃቸው ሥራ የሚያድሩ ሻጮች ነበሩ፤ ሆኖም ሕግ ጥቁርን ከነጭ በሚለይበት በዚያ ዘመን አንደኛዋ በጣራ ሥር፥ ሌሎቹ በፀሐይና በዝናም ይሸጡ እንደ ነበር ዜናውን የሚጽፍ ሰው ሊዘነጋው አይገባም።

ግዛቲቱ ለጥበብ ሰዎች የምትሰጠው ሽልማት በስማቸው ተጠራ። በ1979 በኤፕሪል ወር በ95 ዓመታቸው ዐረፉ፤ በመዳቡ ላይ እየገለበጡ የሣሉት የቅዱስ ሚካኤል ደወል ቤትም በዚያ ቀን በቀድሞው ስፍራው ቆሞ ነበር።