ቋጥኝ ለመውጣት የተመረጠ ባሕር ዳርቻ፦ ከዙላና ከደብረ ታቦር ወደ መቅደላ

ለእረፍት ባሕር ይሻላል ወይስ ተራራ የሚል ክርክር ሰሞኑን በዛ። ሁለቱንም በአንድ ጉዞ የሚፈልግም አለ፤ ጠዋት ዋኝቶ ከሰዓት ቋጥኝ መውጣት። እኔ የታሪክ አስተማሪ ነኝና ነገሩን ወደ ራሴ ሜዳ ልውሰደው። በታሪካችን ቋጥኝ ለመውጣት ብሎ ባሕር ዳርቻ የመረጠ ጦር ነበር። በዚያው ወር ደግሞ ከኛው ከደብረ ታቦር ተነሥተው ወደዚያው ቋጥኝ የሄዱ ንጉሥ ነበሩ።

ወሩ መስከረም 1860 ዓ.ም. ነው። አፄ ቴዎድሮስ በ1855 ለንግሥት ቪክቶሪያ የጻፉት ደብዳቤ መልስ ሳያገኝ ቀረ፤ ተቆጥተው ቆንስል ካሜሮንንና ሌሎች አውሮፓውያንን አሰሩ። እንግሊዝም ጄኔራል ሮበርት ናፒየርን ከቦምቤይ ልታዘምት ወሰነች። የመጀመሪያው ጥያቄ ታዲያ ስለ ውጊያ አልነበረም። መርከቡ የት ይቁም? የሚል ነበር።

ምጽዋ ነበረች፣ ሐንፊላ ነበረች፣ ታጁራም በአማራጭነት ተነሥታለች። ኮሎኔል ሜሪዌዘር የሚመራው ቡድን ቀድሞ መጥቶ አካባቢውን አጠናና ዙላን መረጠ። ዙላ የአክሱም ወደብ የነበረችው የአዱሊስ ፍርስራሽ ያለባት ናት። እንደ መዝናኛ ካየናት እዚህ ግባ የምትባል አይደለችም፤ ሙቀቷ አይጣል ነው፣ የሚጠጣ ውሃ የለም። ግን ሰላጤው ጥልቅና ከማዕበል የተከለለ ነው፤ ወደ ደጋው የሚያወጣው ሸለቆም ቅርብ ነው። መራጮቹ ያዩት አሸዋውን ሳይሆን ከአሸዋው ጀርባ ያለውን መውጫ ነው።

ቢሆንም አጀማመሩ አላማረም። ብዙ በቅሎና ፈረስ በውሃ ጥምና በበሽታ እዚያው ዳርቻ ላይ አለቀ። ከዚያ በኋላ ነው ነገሩ የተስተካከለው። የባሕር ውሃ በመርከብ እንፋሎት እያጣሩ አጠጡ፤ ማራገፊያ ሠሩ፤ እስከ ኩማይሊ 18 ኪሎ ሜትር ገደማ የባቡር ሐዲድ ዘረጉ። የሱሩ ጠባብ ሸለቆ በትላልቅ ቋጥኞች የተዘጋ ነበር፤ እሱንም እየፈለጡ ወደ ሰንዓፈ የሚያወጣ መንገድ አበጁ። 13,000 ያህል ወታደርና 44 ዝሆን በዚያ አለፈ። ከባሕሩ እስከ መቅደላ 640 ኪሎ ሜትር ይሆናል።

አሁን ወደ ሰፈራችን እንመለስ። ከከተማችን ጥቂት ኪሎ ሜትር ርቃ ባለችው ጋፋት፣ ለስብከት የመጡት ሚስዮናውያን በንጉሡ ትእዛዝ መድፍ ሠሪ ሆነው ነበር። ትልቁ ሴባስቶፖል 70 ኩንታል ገደማ ይመዝናል። አፄ ቴዎድሮስ በመስከረም መጨረሻ ደብረ ታቦርን አቃጥለው፣ መድፉን በሰው ጉልበት እያስጎተቱ ተነሡ። ከደብረ ታቦር መቅደላ በቀጥታ መስመር 150 ኪሎ ሜትር ገደማ ቢሆን ነው። የወሰደባቸው ግን ስድስት ወር ያህል ነው! በጋይንት፣ በጨጨሆ፣ በደብረ ዘቢጥ፣ በወድላ፤ ከዚያ የጅጣና የበሽሎ ገደሎች። ንጉሡ ራሳቸው ድንጋይ እየፈነቀሉ መንገድ ሠርተዋል። መቅደላ የደረሱት በመጋቢት አጋማሽ፣ ከእንግሊዞቹ ጥቂት ቀናት ብቻ ቀድመው ነው።

ክፍል ውስጥ ይህን ስናስተምር የምንኮራው በመድፉ ነው። ኩራቱ ተገቢ ነው፤ እንዲህ ያለ ገደል ውስጥ 70 ኩንታል ብረት ማሳለፍ ቀልድ አይደለም። ግን አንድ ጥያቄ ይቀረናል፦ ባዕዱ 640 ኪሎ ሜትር ሲጓዝ ማን አበላው?

የሀገሬው ገበሬ እህልና መኖ በጠገራ ብር ሸጠለት። የትግራዩ ደጃዝማች ካሳ፣ በኋላ አፄ ዮሐንስ 4ኛ የሆኑት፣ መንገድ ለቀቁለት። የላስታው ዋግሹም ጎበዜም አልተዋጉትም። ንጉሡ ግን በገዛ አገራቸው ተከበው ነበር የሚጓዙት። በመጨረሻዎቹ ዓመታት ለጦሩ ስንቅ ሲባል የበጌምድር ገበሬ ተደጋግሞ ተዘርፏል፤ መንደሩ ተቃጥሏል። ይሄ ገበሬ ደግሞ ሌላ ሰው አይደለም፣ የኛው ቅድመ አያት ነው። የቴዎድሮስ ልጆች ነን ስንል የዚያ ገበሬ ልጆችም መሆናችንን አንርሳ። ንጉሡን መውደድና ይህን መናገር አይጣሉም።

መጨረሻውን ታውቁታላችሁ። ሚያዝያ 3 ቀን በስቅለት ዕለት እሮጌ ላይ ውጊያ ሆነ፤ ከኛ ወገን 700 ያህል ሰው ወደቀ። ሚያዝያ 6፣ የፋሲካ ማግስት፣ መቅደላ ሲሰበር ንጉሡ እጅ አልሰጥም ብለው ራሳቸውን ገደሉ። በጅጣ ገደል እንዲያ የደከሙበት መንገድ ደግሞ ቀድሞውኑ ለናፒየር ጦር ማለፊያ ሆኖ ነበር። ሴባስቶፖል ዛሬም መቅደላ ላይ ነው፤ አዲስ አበባ ቴዎድሮስ አደባባይ ያለው አምሳያው ነው።

መቅደላ ከዙላ የበለጠ ምሽግ ነበር፤ ዙሪያው ገደል። ሆኖም ከዙላ ጀርባ ውሃ የሚያጣራ፣ መንገድ የሚፈልጥ፣ ስንቅ የሚሸጥ ሰው ነበረ። ከመቅደላ ጀርባ ግን የሚደርስ ወገን አልነበረም። እኔ የጦርነቱን ውጤት የማየው ከመድፉ ይልቅ እዚህ ላይ ነው።

ለእረፍት ደብረ ታቦር የምትመጡ ልጆቼ ጋፋትን ሳታዩ እንዳትመለሱ። ከጋይንት፣ ከጨጨሆና ከደብረ ዘቢጥ የሆናችሁ ደግሞ፣ መድፉ ስለተጎተተበት መንገድ ከአያት ከቅድመ አያት የሰማችሁት ካለ ከታች ጻፉልኝ። የጎታቹን ስም ማንም አልመዘገበውም፤ ምናልባት በየቤቱ ይገኝ ይሆናል።

መልካም ሰንበት!