የድረ ገጽ ምልክት አጻጻፍ፤ ከጄኔቫ እስከ ሲድኒ

ጀማሪ ተማሪ የመጀመሪያውን ድረ ገጽ ሲሠራ፤ አንዱን መስመር በትልቁና በደማቁ ስለ ጻፈው ብቻ ርእስ ያደረገው ይመስለዋል፤ ሥዕሉንና ጽሑፉን ጎን ለጎን ለማዋልም ሠንጠረዥ ይዘረጋል። ገጹ ለዓይን ያምራል። ነገር ግን ይህ ልማድ ከየት እንደ መጣና ማንን እንደ ጐዳ ለመረዳት ጥቂት ወደ ኋላ መመለስ ያስፈልጋል። (ዘመናቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።)

እንግሊዛዊው ቲም በርነርስ ሊ በጄኔቫ አጠገብ በሚገኘው በሰርን የምርምር ተቋም ሲሠራ ኤችቲኤምኤልን ፈጠረ፤ በ1991 የነበሩት ምልክቶችም ሃያ አይሞሉም ነበር። አብዛኞቹ የጽሑፉን መልክ ሳይሆን ምንነቱን የሚናገሩ ነበሩ፤ ይኸውም ይህ ርእስ ነው፤ ይህ አንቀጽ ነው፤ ይህ ዝርዝር ነው እንደ ማለት ነው። መልኩን መስጠት የአንባቢው መሣሪያ ፈንታ ነበረ።

ይህ አሳብ ብዙ ሳይቆይ ተዘነጋ። በ1993 ሞዛይክ የተባለው ብራውዘር ሥዕልን ከጽሑፍ ጋራ በአንድ ገጽ አዋለ፤ በ1995 ደግሞ ኔትስኬፕ ሠንጠረዥ ማሳየት ጀመረ። ሠንጠረዥ የታሰበው ለቍጥርና ለመዝገብ ሲሆን፤ ሠሪዎቹ መስመሩን ደብቀው ገጹን እንደ ቤት ክፍል ይከፋፍሉበት ጀመር። ዴቪድ ሲገል በ1996 ባሳተመው መጽሐፍ ይህንኑ ዘዴ ለብዙዎች አስተማረ፤ በ1997 ግን ድሩን ያበላሸሁት እኔ ነኝ የሚል ጽሑፍ አወጣ። በራሱ ላይ የፈረደው ፍርድ የጠነከረ ይመስለኛል። ኖርዌያዊው ሆኮን ሊ ሲኤስኤስን በ1994 ቢያቀርብ፤ ደንቡም በ1996 ታኅሣሥ ቢጸድቅ፤ ብራውዘሮቹ በሚገባ እስኪቀበሉት ድረስ ዓመታት አልፈዋልና፤ ሲገል የተሟላ መሣሪያ በእጁ አልነበረም።

ጕዳቱ በግልጽ የታየው በሲድኒ ነው። ዓይነ ስውሩ ብሩስ ማጓየር ገጽን የሚያነበው ጽሑፉን ወደ ብሬል በሚለውጥ መሣሪያ ነበረ። መሣሪያው ሥዕልን ማንበብ አይችልም፤ ከሥዕሉ ጋራ ኦልት የሚባል ምትክ ቃል ካልተጻፈ፤ ባዶ ወይም የፋይል ስም ብቻ ያገኛል። በ1999 ማጓየር የ2000ውን ኦሎምፒክ አዘጋጅ ኮሚቴ ከሰሰ። ኮሚቴው ማስተካከሉ ብዙ ገንዘብና ከአንድ ዓመት የበለጠ የአንድ ሰው ሥራ ይጠይቃል ብሎ ተከራከረ፤ የባለሙያዎች ምስክርነት ግን ከዚህ እጅግ ያነሰ መሆኑን ገለጸ። የአውስትራሊያ የሰብአዊ መብት ኮሚሽን በነሐሴ 2000 ለከሳሹ ፈረደ፤ ትእዛዙ በሙሉ ስላልተፈጸመም በኅዳር 20,000 የአውስትራሊያ ዶላር ካሣ ተወሰነ። ጨዋታው ግን ያን ጊዜ አልፎ ነበር። የድረ ገጽ ተደራሽነት መመሪያ በ1999 ግንቦት ወጥቶ ስለ ነበረ፤ አናውቅም ነበር ማለት አይቻልም።

የእኛም ፊደል በዚህ ታሪክ ድርሻ አለው። የግዕዝ ፊደል በ1999 ዩኒኮድ ውስጥ ከመግባቱ በፊት፤ የአማርኛ ጽሑፍ ብዙውን ጊዜ በላቲን ፊደላት ቍጥር ላይ ተለብጦ ይቀመጥ ነበር፤ ዓይን «ሀ» ሲያይ መሣሪያው ሌላ ፊደል ያነባል። ዛሬም ቢሆን የገጹ ቋንቋ አማርኛ መሆኑ በመጀመሪያው ምልክት ካልተገለጸ፤ አንባቢው መሣሪያ በሌላ ቋንቋ ደንብ ሊያነበው ይችላል።

እንግዲህ የጀማሪው ገጽ ሲታረም፤ ርእሱ በርእስ ምልክት ይጻፋል፤ ሠንጠረዡ ለቍጥር ብቻ ይቀራል፤ ሥዕሉ ምትክ ቃል ያገኛል፤ አቀማመጡም ወደ ሲኤስኤስ ይዛወራል። በ2017 ብራውዘሮች የተቀበሉት ግሪድ ሠንጠረዥን የሚያስመኘውን ሥራ ሁሉ ይሠራል። ሆኖም ግሪድ ክፍሎቹን ለዓይን ብቻ ያዘዋውራል እንጂ የጽሑፉን ተራ አይለውጥም፤ በታብ ቍልፍ የሚሄድና በጆሮው የሚያነብ ሰው የሚከተለው በኤችቲኤምኤሉ የተጻፈውን ተራ ነው። ስለዚህ ሲኤስኤሱን ለጊዜው አንሥቶ ገጹን ከላይ እስከ ታች ማንበብ ከሁሉ የቀለለው መመርመሪያ ነው።