ያነበቡትን ለወገን የመለሱ መምህር

መጽሐፍ በሰው ሕይወት ላይ ስላለው ኀይል ብዙ ጊዜ ይነገራል፤ ይሁን እንጂ ይህ ኀይል እንዴት እንደሚሠራ የሚመረምር ጥቂት ነው። አንዱ አንባቢ ያነበበውን እንደ ጌጥ ይለብሰዋል፤ ሌላው ግን እንደ መብራት ይዞ የገዛ ቤቱን ማዕዘን ያይበታል። የዚህን ልዩነት ምሳሌ ለማግኘት ሩቅ መሄድ አያሻንም፤ የታንዛኒያ የመጀመሪያ ፕሬዚዳንት የነበሩት የጁሊየስ ኔሬሬ የንባብ ታሪክ ይበቃናል። ሕዝባቸው የሚጠራቸው በሹመት ስማቸው ሳይሆን «ምዋሊሙ» ማለትም «መምህር» በሚለው የሙያ ስማቸው ነውና፣ ነገሩ እኛን መምህራንን በቅርብ ይመለከተናል። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ኔሬሬ በ1922 ከቪክቶሪያ ሐይቅ በስተ ምሥራቅ በምትገኘው በቡቲያማ መንደር ተወለዱ። አባታቸው የዛናኪ ጎሣ ባላባት ነበሩ፤ ከ22 ሚስቶቻቸውም የኔሬሬ እናት አምስተኛይቱ ነበሩ። ሕፃኑ በ1934 በ12 ዓመታቸው ሙሶማ ከሚገኝ ትምህርት ቤት እስኪገቡ ድረስ ከዛናኪ ቋንቋ በቀር ሌላ አይናገሩም ነበር፤ ስዋሂሊንም እንግሊዝኛንም ያገኙት በትምህርት ነው። ከዚያም በ1937 ወደ ታቦራ የመንግሥት ትምህርት ቤት፣ በ1943 ደግሞ ካምፓላ ወደሚገኘው ወደ ማኬሬሬ ኮሌጅ ተሻገሩ።

በማኬሬሬ ሳሉ ከእጃቸው ከገቡት መጻሕፍት መካከል የእንግሊዛዊው ፈላስፋ የጆን ስቱዋርት ሚል ሥራዎች ይገኙበታል። ሚል በ1869 ባሳተመው መጽሐፍ ሴት ለወንድ መገዛትዋ ከተፈጥሮ ሳይሆን ከልማድና ከጉልበት የመጣ መሆኑን ይከራከራል። የተጻፈው ለእንግሊዝ አንባቢ ነበር፤ ወጣቱ ኔሬሬ ግን ሐሳቡን ወስደው በዛናኪ ኅብረተ ሰብ ላይ አዋሉት፤ ስለ ሴቶች መገዛትም በጻፉት ድርሰት የሥነ ጽሑፍ ውድድር አሸነፉ። እዚህ ላይ ቆም ብሎ ማሰብ ይገባል። የባላባት ልጅ፣ በባዕድ ቋንቋ የተጻፈ መጽሐፍ አንብበው፣ ያዩት የእንግሊዝን ሴት ሳይሆን በአባታቸው ግቢ ሲደክሙ ያደጉባቸውን እናቶች ነበር። መጽሐፉ ከአገራቸው አላራቃቸውም፤ ይልቁንም ስለ ለመዱት ያላስተዋሉትን ነገር አሳያቸው።

ከማኬሬሬ ተመልሰው በታቦራ ሦስት ዓመት ያህል ካስተማሩ በኋላ በ1949 ወደ ኤዲንብራ ዩኒቨርሲቲ ሄዱ፤ በዚያም ታሪክን፣ ኤኮኖሚንና ፍልስፍናን አጥንተው በ1952 ተመለሱ። በዳሬ ሰላም አጠገብ በፑጉ ሲያስተምሩ ሳለ በ1954 የታንጋኒካን አፍሪካዊ ብሔራዊ ኅብረት መሠረቱ። በ1955 ከማስተማርና ከፖለቲካ አንዱን እንዲመርጡ በተጠየቁ ጊዜ የማስተማር ሥራቸውን ለቀቁ። ታንጋኒካም በታኅሣሥ 1961 ነጻ ወጣች።

ከዚህ በኋላ የሆነው ነገር የመሪዎች ታሪክ ብዙ ጊዜ የማያሳየን ነው። ኔሬሬ ፕሬዚዳንት በሆኑ ማግስት፣ በ1963፣ የሼክስፒርን «ጁልየስ ቄሣር» ወደ ስዋሂሊ ተርጉመው አሳተሙ። አዲስ መንግሥት የያዙ ሰው፣ ኀይሉ የበዛ ገዥ ስለ መገደሉና ሕዝብም በአንደበተ ርቱዕ ቃል ስለ መነዳቱ የተጻፈውን ተውኔት መምረጣቸው በራሱ የሚያስተምር ነው። በ1969 ደግሞ «የቬኒሱን ነጋዴ» ተርጉመው «ማቤፓሪ ዋ ቬኒሲ» አሉት። ይህ ቃል ነጋዴዎች ማለት ሲሆን፣ የአሩሻ ዐዋጅ በ1967 ሶሻሊዝምን ካወጀ ወዲህ ግን የሰው ድካም የሚበዘብዙ ባለ ሀብቶች የሚል ትርጉም ከብዶበት ነበር። እንግዲህ አንባቢው መጽሐፉን ተቀባይ ብቻ አልነበሩም፤ በዘመናቸው ጥያቄ መልሰው ቀረጹት። በእኛም አገር ከበደ ሚካኤል «ሮሜዎና ዡልየትን»፣ ጸጋዬ ገብረ መድኅንም «ኦቴሎንና» «ሐምሌትን» ወደ አማርኛ ሲመልሱ የፈጸሙት ሥራ ከዚህ ጋር ዘመድ ነው፤ ቋንቋችን ከባዱን ሐሳብ መሸከም ይችላል የሚል ምስክርነት ነውና።

ይሁን እንጂ ኔሬሬ መጽሐፍን አላመለኩም። በ1967 «ትምህርት ራስን ለመቻል» በሚል ርእስ ባወጡት ጽሑፍ፣ ከቅኝ ግዛት የተወረሰው ትምህርት ተማሪውን ከገበሬ ወላጆቹ እንደሚለይ፣ ዕውቀት ሁሉ ከመጽሐፍ ብቻ የሚገኝ እንደሚያስመስልና የሽማግሌዎችን ጥበብ እንደሚያስንቅ ነቀፉ። የንባብ ፍሬ እንዲህ ያለ መጽሐፍን እንኳ የመመርመር ድፍረት ነው።

ታሪክ ግን ምስጋናን ብቻ አይመዘግብም። ሚል በ1859 ስለ ግለሰብ ነጻነት የጻፈው ክርክር በዓለም የታወቀ ነው፤ የሚል አንባቢ የነበሩት መሪ ግን በ1962 የወጣውን ያለ ፍርድ ማሰርን የሚፈቅድ ሕግ ይዘው ቀጠሉ፤ በ1965 አገሪቱን የአንድ ፓርቲ አገር አደረጉ፤ ከ1973 ጀምሮም ሚሊዮኖች ገበሬዎች ወደ አዳዲስ መንደሮች ሲሰበሰቡ ብዙዎቹ የተወሰዱት በግድ ነበር። በሌላ በኩል በ1985 ሥልጣናቸውን በፈቃዳቸው አስረክበዋል፤ ይህም በዘመኑ አፍሪካ ብርቅ ነበር። በ1999 ሲያርፉም ቂም ሳይሆን ክብር ተከትሏቸዋል። ከዚህ የምንረዳው፣ መጽሐፍ አንባቢውን በገመድ የማያስረው መሆኑን ነው። ዐይን ይከፍታል፤ እግርን ግን የሚመራው ኅሊና ነው፤ ሥልጣንም ኅሊናን ይፈትናል።

ይህ ታሪክ ለመምህርና ለትምህርት ሹም የሚተወው ሥራ ግልጽ ነው። ተማሪ ስንት መጽሐፍ እንደ ጨረሰ መቍጠር ቀላል ነው፤ የሚጠቅመው ግን ባነበበው የገዛ መንደሩን አይቶበት እንደ ሆነ፣ በእናቱ ቋንቋ መልሶ ሊናገረው ችሎ እንደ ሆነ፣ ካልተስማማበትም ምክንያቱን ለማስረዳት ደፍሮ እንደ ሆነ መጠየቅ ነው። እነዚህን ጥያቄዎች በየክፍሉ የሚጠይቅ መምህር፣ ከፊቱ ከተቀመጡት ልጆች ማንኛው ነገ አገር እንደሚመራ ባያውቅ እንኳ፣ ሁሉንም ለዚያ ቀን አዘጋጅቷቸዋል።