ብርድ አገር ያስተማሩ ሁለት አባቶች



ሰሞኑን አንዲት የድሮ ተማሪዬ ደወለችልኝ። አውሮፓ ነው የምታስተምረው። ሰላምታው ሳያልቅ "ጋሼ፣ ብርዱ ገደለኝ" አለችኝ። "የሁሩታ ልጅ ሆነሽ?" ብዬ ሳቅሁ። ከአዳማ ሙቀት ተነስቶ ዴራን አልፎ ወደ እኛ የሚወጣ እንግዳ ጃኬቱን ሲፈልግ እያየን አይደል ያደግነው!

እሷ ግን አልሳቀችም። "እዚያ ሲበርደኝ እናቴ አጠገብ እሳት ዳር ነው የምቀመጠው። እዚህ ከክፍል ስወጣ ጨልሟል፣ ዋልሽ አደርሽ የሚለኝም የለም። ዓመቱን ሳልጨርስ ብመለስ ምን ይላሉ?" አለችኝ።

ቶሎ መልስ አጣሁ። ስልኩ ከተዘጋ በኋላ ግን፣ ያው የታሪክ መምህር አይደለሁ፣ ሁለት ሰዎች ትዝ አሉኝ።

የመጀመሪያው አባ ጎርጎርዮስ ናቸው። የአማራ፣ የመካነ ሥላሴ ሰው። ዐፄ ፋሲል ኢየሱሳውያንን ካባረሩ በኋላ ከአገር ወጥተው ሮም፣ ከቅዱስ ጴጥሮስ ቤተ ክርስቲያን ጀርባ ባለው የሐበሾች ማረፊያ ይኖሩ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1649 ሂዮብ ሉዶልፍ የሚባል ወጣት ጀርመናዊ እዚያ አገኛቸው። ሉዶልፍ ግዕዝን የተማረው ከመጽሐፍ ነበርና ቋንቋውን ከባለቤቱ አፍ መስማት ፈለገ። ከ3 ዓመት በኋላ የጎታው መስፍን ኧርነስት አባን ወደ ጀርመን አስጠሯቸው። አገሪቱ ከ30 ዓመቱ ጦርነት ከወጣች ገና 4 ዓመቷ ነው። አባ የአልፕስን ተራሮች ተሻግረው እ.ኤ.አ. በ1652 ጎታ ገቡ፤ በመስፍኑ ቤተ መንግሥት ተቀምጠውም ስለ አገራቸው፣ ስለ ሃይማኖታቸው፣ ስለ ቋንቋቸው የተጠየቁትን ሲመልሱ ከረሙ።

ስንት ጊዜ ቆዩ? 3 ወር ገደማ! የዚያ አገር ቅዝቃዜ ሳይጠና፣ በመስከረም ተመልሰው ሄዱ። እ.ኤ.አ. በ1658 ወደ አገራቸው ሲጓዙ እስክንድሮና አጠገብ መርከባቸው ሰጥሞ ሞቱ። አገራቸውን ዳግም አላዩም። ሉዶልፍ ግን ከእሳቸው በሰማው ላይ ተመሥርቶ እ.ኤ.አ. በ1681 የኢትዮጵያን ታሪክ፣ በ1698 ደግሞ የአማርኛ ሰዋስውና መዝገበ ቃላት አሳተመ። አውሮፓ ውስጥ የኢትዮጵያ ጥናት አባት የሚባለው ሉዶልፍ ነው። የአባትየው መምህር የእኛው መነኩሴ ናቸው።

ሁለተኛው አለቃ ታዬ ገብረ ማርያም ናቸው፤ የበጌምድር ሰው። እ.ኤ.አ. በ1905 በዐፄ ምኒልክ ፈቃድ በርሊን ሄደው በምሥራቅ ቋንቋዎች ተቋም ግዕዝና አማርኛ አስተማሩ። ከተማሪዎቻቸው አንዱ ዩገን ሚትቮህ ኋላ ስመ ጥር የሴም ቋንቋዎች ሊቅ ሆኗል። አለቃ እንደ አባ ጎርጎርዮስ ከብርዱ በፊት አልተመለሱም፤ የበርሊንን ታኅሣሥና ጥር እዚያው አሳልፈዋል።

እስቲ አስቡት። እኛ "ክረምት" ስንል ሐምሌና ነሐሴ ነው፤ ዝናብ፣ ጭቃ፣ የተዘጋ ትምህርት ቤት። የእነሱ ክረምት የሚገባው እኛ በጋ ላይ ሆነን እህል ስንወቃ ነው። በርሊን በታኅሣሥ ፀሐይ የምትጠልቀው በእኛ አቆጣጠር 10 ሰዓት እንኳ ሳይሞላ ነው። አማርኛ አስተማሪ እዚያ ቆሞ "ክረምት" የሚለውን አንድ ቃል ሲያስተምር፣ ሰማዩንም ምድሩንም አብሮ ማስረዳት አለበት ማለት ነው። ባዕድ አገር ማስተማር እንዲህ ነው። የምታስተምረው ከደብተርህ ብቻ ሳይሆን ከጎደለህም ነገር ነው።

ነገሩ በእኛም አገር በተገላቢጦሽ ታይቷል። እ.ኤ.አ. በ1962 ከ270 በላይ የአሜሪካ ሰላም ጓድ አባላት መጥተው በየአውራጃው ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ተመደቡ። አፍሪካ ሲባል ሙቀት ብቻ ለጠበቀ ሰው የደጋው ሌሊት ቀላል አይደለም። ጋቢ የሚያለብስ፣ "ና ቡና ጠጣ" የሚል ጎረቤት ያገኘና ያላገኘ አንድ አይሆንም።

በማግስቱ ልጅቷን መልሼ ደወልኩላት። "መመለስ ነውር አይደለም" አልኳት። "አባ ጎርጎርዮስ የቆዩት 3 ወር ነው፤ ሥራቸው ግን ይኸው ከ370 ዓመት በኋላም አለ። አንቺም ብትቆዪ ብትመለሺ፣ ያስተማርሽው የትም አይሄድም። ግን ብርዱን ብቻሽን አትቻይው። አባም ሉዶልፍን የሚያህል ጠያቂ ነበራቸው። አንቺም አንድ ሰው ቡና ጥሪ።"

ትንሽ ዝም አለችና "ጋሼ፣ ጀበናዬ እኮ ከሻንጣ አልወጣም" አለችኝ። "አውጪዋ!" አልኳት።

እናንተ ደግሞ ሁሩታም ሆነ አዳማ ያላችሁ፣ ሰፈራችሁ ከሩቅ የመጣ አስተማሪ ካለ እስቲ በሩን አንኳኩ። ውጭ ያላችሁ ተማሪዎቼም፣ የመጀመሪያውን ብርድ እንዴት እንዳለፋችሁት ጻፉልኝ። ለእህታችሁ አነብላታለሁ።

ሰላም ሁኑልኝ።